ከመሬት የሚነሣ ቢላ

ሥራ የጀመርኩት ቢላ በመጣል ነው። በእርግጥ ብቻዬን አልጣልኩትም፤ ጋሽ ወራሳ አግዘውኛል።

ዲላ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጋሽ ወራሳ ቢላ የሚቀጠቅጡባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። እዚያ ከመግባቴ በፊት የብረት በርና መስኮት በያጅ ነበርኩ። በር ትልቅ ነው፣ ቢላ ትንሽ ነው፤ ትልቁን የሠራ ትንሹ ምን ያቅተዋል? ስሌቴ ይኸው ነበር። አዲስ ሰማያዊ ቱታ ገዝቼ፣ ፀጉሬን ተቆርጬ፣ እንደ ሙሽራ ሄድኩ።

ጋሽ ወራሳ ቱታዬን ከላይ እስከ ታች አዩና "ያንን ቢላ አቀብለኝ" አሉኝ። ስለቱን ወደ ራሴ አዙሬ እጀታውን በአክብሮት ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"ልትሠራ ነው የመጣኸው ወይስ ልትጣላኝ?"

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"ቢላ እጅ ለእጅ ይሰጣል? እናትህ አልነገረችህም?"

እናቴማ ነግራኛለች። ቢላ፣ መቀስ፣ መርፌ እጅ ለእጅ ከተቀባበሉት ያጣላል። አንዱ መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ያነሣል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቢላ ሲገላበጥ በሚውልበት ቤት ይህ ነገር የሚሠራ አልመሰለኝም ነበር። ደንግጬ ላስቀምጠው ስጎነበስ እሳቸው ደግሞ አዝነውልኝ ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። መሃል ላይ ወደቀና ጫፉ ከጫማቸው አጠገብ መሬት ውስጥ ተተከለ።

ጋሽ ወራሳ ቢላውንም እኔንም አዩ። "በቃ ተጣልተናል" አሉ። "አሁን ሥራ ጀምር።"

ቤቱ የራሱ ማዕረግ ነበረው። ከላይ ቀጥቃጩ አለ፤ መቀጥቀጫው ብረት፣ መስፉ ፊት ቆሞ የጭነት መኪና ባሌስትራ እንደ ፍም አግሎ በመዶሻ የሚያሳሳው እሱ ነው። ቀጥሎ ነካሪው፤ የጋለውን ስለት ዘይት ውስጥ የሚነክር፣ ቀለሙን አይቶ ሰዓቱን የሚያውቅ። እነዚህን ሁለቱን ሥራዎች ጋሽ ወራሳ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። ከእነሱ በታች ስለቱን የሚሞርድ ሰው አለ። ከሁሉም በታች እጀታ ገጣሚው። ከእጀታ ገጣሚው በታች ደግሞ ከሰሉና እኔ።

ከብዙ ከሰል በኋላ እጀታ ላይ ወጣሁ። ሥራው ቀላል ነው፣ ወይም ቀላል ይመስል ነበር። የስለቱን ጭራ፣ ማለትም ሳይሳል የቀረውን የብረቱን ጫፍ፣ ሁለት ቦታ ትበሳለህ። ከግራና ከቀኝ የወይራ እንጨት ታለብሰዋለህ። ሚስማር አሳልፈህ ግራና ቀኙን ትቀጠቅጣለህ። ከዚያ በሞረድ ቅርጽ ታወጣና በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ። ቤቱ ውስጥ የደከመ ሰው ሲሰደብ "እጀታ" ይባል ነበር፤ እኔን ግን ስድቡ አይነካኝም፣ ማዕረጌ ነዋ።

የጋሽ ወራሳ ቢላዎች እጀታቸው መሃሉ ላይ ሆድ ነበረው። ዕንቁላል የያዘች ዓሣ ይመስላል። ለትልቁ ቢላም ለትንሹም ያው ሆድ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ለመዳፍ ነው" አሉ። "አባቴ እንዲህ ይሠራ ነበር።"

እኔም አሰብኩ። ማሰቤ ነው ያጠፋኝ። ትልቅ ቢላ በሙሉ መዳፍ ይያዛል፣ ሆዱ መዳፍ ይሞላል፣ ተገቢ ነው። ወገብ ላይ የምትሰካ ትንሽ ቢላ ግን በጣቶች ነው የምትያዘው፤ መዳፍ እዚያ ምን አለው? ስለዚህ የትንንሾቹን ቢላዎች ሆድ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ማክሳት ጀመርኩ። ማንም አልከለከለኝም። እንዲያውም ገበያ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ሸንቃጦች ሆኑ። ቅርጽ አወጣሁላቸው ብዬ የተኮፈስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከበሩ ጀርባ አንድ ሽቦ ተወጥሮ ነበር። ደንበኛ የመለሰው ቢላ እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። ጋሽ ወራሳ በሽቦው ላይ አይናደዱም፣ አይሳደቡም፤ ዝም ብለው ይሰቅላሉ። ጠዋት ስንገባ ሁላችንም እናየዋለን። እኔ እጀታ ላይ ከወጣሁ ወዲህ ሽቦው ከክብደት የተነሣ መርገብ ጀመረ። "ደንበኛ ስለበዛ ነው" አልኩ።

ጥፋቱን ሁሉ በስለቱ አሳበብኩ። አንድ የይርጋጨፌ ቡና አጣቢ ቢላውን መልሶ "አይመቸኝም" ሲል፣ ስለቱ ረዝሞበት ነው ብዬ አሳጥሬ እንድሞርደው ጋሽ ወራሳን ለመንኩ። አንዲት ሴት "አይ፣ ይቅርብኝ" ብላ ስትመልስ፣ ወፍሮባት ነው ብዬ አሳሳሁት። እዚህ ላይ እንኳን ትንሽ እውነት ነበረኝ። ባሌስትራ ጭነት ሊሸከም የተሠራ ብረት ነው፤ በደንብ ካልሳሳ ሽንኩርት አይቆርጥም፣ ይሰነጥቃል እንጂ። ሌላው ሲመልስ ጫፉን አጎበጥኩት። ሽቦው ግን እንደረገበ ነው።

በዚያ መሃል ስልክ ጥፋቴን ጨመረችበት። ምሳ ሰዓት ላይ የውጭ ሰዎች ስለ ትንንሽ የጫካ ቢላዎች የሚያወሩበትን ቪዲዮ አያለሁ። አንዱ ሰውዬ ከመዳፉ በማትበልጥ ቢላ ግንድ ይፈልጣል፤ መጥረቢያ የሚያውሰው ጎረቤት የለውም መሰለኝ። ቢላዋ ግን ልቤን ወሰደችው። ቀጭን፣ ልጥፍ ያለች፣ እጀታዋ ከስለቷ እምብዛም የማይወፍር፣ ሸሚዝ ስር ብትሰኳት የማትታይ። እንዲህ ያለች ለመሥራት እጄን በላኝ።

ዕድሉ የመጣው በክፉ ቀን ነው። የጋሽ ወራሳን ዓይን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ ከእኛ ደበቁ። በኋላ ግን የጋለ ብረት ቀለም መለየት አቃታቸው፤ በተከታታይ የነከሯቸው ስለቶች እንደ ብርጭቆ ተሰበሩ። የወንድማቸው ልጅ አበራ ጨለለቅቱ ከተማ ሞተር ሳይክል ይጠግናል። መጣና ቤቷን በዓይኑ ለካት። ጋራዥ ሊያደርጋት ነው።

"በርህ ጥሩ ነው ይሉሃል" አለኝ። "ለጋራዡ ሰፊ በር ትሠራልኛለህ።"

ከቤቱ ሊያስወጣኝ የመጣ ሰው፣ የምወጣበትን በር እኔው እንድሠራ አዘዘኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ጋሽ ወራሳ ማምሻውን ጠሩኝ። "አበራ ዘመዴ ነው" አሉ። "ግን ይቺ ቤት ቢላ ነው የምታውቀው። እማማ አስካለን ታውቃለህ፣ የወናጎዋን?"

የማያውቃቸው የለም። እማማ አስካለ እንሰት በደቦ የሚፍቁ ሴቶች አለቃ ናቸው። እሳቸው የያዙትን ቢላ ወናጎ በሙሉ ይይዘዋል፤ እሳቸው የጣሉትን ማንም አያነሣውም።

"ለደቦው ትንሽ ቢላ ፈልጋለች" አሉ ጋሽ ወራሳ። "ወገብ ላይ የሚሆን፣ ስትጎነበስ ጎኗን የማይወጋ። ከቅጥቀጣው እስከ እጀታው ብቻህን ሥራ። ሳይመለስ ከቀረ መስፉ ያንተ ነው። ከተመለሰ ለአበራ በሩን ሥራለት።"

ቢላ ትንሽ ሲሆን ክርክሩ ይበዛል። ስለቱን ካስረዘምክ እጀታው ያጥራል፣ ትንሿ ጣት ውጭ ትቀራለች፣ እጅም ይዝላል። እጀታውን ካስረዘምክ ወገብ ላይ ይጎረብጣል። ጀርባውን ካወፈርክ ይከብዳል፤ ካሳሳህ ይታጠፋል። እኔ ሁሉንም ለወገብ ፈረድኩ። ስለቱ ከመሃል ጣቴ ትንሽ ይረዝማል። እጀታው አራት ጣት ይይዛል፣ በስልክ እንዳየኋት ቢላ ልጥፍ ያለ፣ ሆድ የሚባል ያልፈጠረበት። በዘይት አሽቼ አብለጨለጭኩት። ባለቤቴ ሳሎን ይቀመጥ ስትል የልብ ልብ ተሰማኝ።

ጋሽ ወራሳ በጣታቸው ላይ አድርገው ሚዛኑን አዩ። "ቆንጆ ነው" አሉ። "እሷ ቆንጆ አልጠየቀችም።" እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ወናጎ በሚኒባስ ሄድኩ። እማማ አስካለ ከጓሮ፣ እንሰቱ ስር ነበሩ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው እስከ ክንዳቸው በእንሰት ውሃ ርሷል። ሥራው የሴቶች ነው፤ ወንድ እዚያ ቆሞ ማየቱ ያስቃል። እስከዚያ ቀን ድረስ የሠራሁት ቢላ ሥራ ላይ ሲውል አይቼ አላውቅም ነበር። በር እንኳን ስሠራ ሲከፈትና ሲዘጋ አይ ነበር።

ቢላዬን በክብር ኮባ ቅጠል ላይ አስቀመጥኩት። እማማ አስካለ ቅጠሉን ከጫፉ ቀና አድርገው ቢላውን አንሥተው የእንሰቱን ቅርፊት ጎን ጎኑን ቆረጡበት። ጥርት አድርጎ ቆረጠ። ወገባቸው ላይ ሰክተው ተጎነበሱ፤ አልወጋቸውም። "ጎበዝ ነህ" አሉኝ። መስፉን በልቤ ማጽዳት ጀመርኩ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። እማማ አስካለ ቆርጠው ሲጨርሱ ቢላውን ቅጠሉ ላይ አስቀመጡ። ቀጥሎ ተራው የምራታቸው የማርታ ነበር፤ ልታነሣው እጇን ሰደደች። አልተነሣም። ልጥፍ ብሎ ተኝቷል። በጥፍሯ ቧጠጠችው፤ በእንሰቱ ውሃ ላይ ተንሸራቶ ሄደ። አሳደደችው። ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሞኝ ምን ይላሉ! መጨረሻ ላይ በሁለት ጣቷ ከስለቱ በኩል ቆንጥጣ አነሣችውና ጣቷን ቆረጣት። ቅጠሉ ላይ ደም ሲንጠባጠብ ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። አፈርኩ። እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

እማማ አስካለ የማርታን ጣት በጨርቅ ጠቅልለው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ልጅ፣ ይቺ ቢላ ትቆርጣለች፣ ግን አትነሣም" አሉ። "እኛ እዚህ ስንት ነን? አንዷ ታስቀምጣለች፣ አንዷ ታነሣለች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ወይስ እጅ ለእጅ እንሰጣጥና እንጣላ?"

"እማማ፣ የድሮዎቹስ ይነሡ ነበር?"

"የድሮዎቹማ ይነሡ ነበር። አሁን አሁን ነው ምን እንደነካቸው እንጃ።"

ወደ ዲላ ስመለስ ሚኒባሷ ውስጥ መፍትሔ ፈለግኩ። እጀታው ጫፍ ላይ ገመድ ባስርበትስ? ካላማዳሪ ጎማ ብጠቀልልበትስ? "ምን እንደነካቸው እንጃ" የሚለው ቃላቸው ግን አልተወኝም።

ጋሽ ወራሳ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ቢላውን እንደ ደንባችን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ዓይናቸው ስለማያይ በእጃቸው ዳበሱ። አገኙት። ሊያነሡት ሞከሩ፣ አልሆነም። እየገፉ ወስደው ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲወድቅ ከስር ቀለቡት።

"እንደ መዥገር ተጣብቃለች" አሉ። "እስቲ የኔን አምጣ።"

እሳቸው የሚሠሩበትን አሮጌ ቢላ አመጣሁና አስቀመጥኩት። መዳፋቸው አረፈበት፣ ጣቶቻቸው ከሆዱ ስር ገቡ፣ ተነሣ። በቃ። ዓይን አላስፈለገም።

ሆዱ ለመዳፍ አልነበረም። ሆዱ እጀታውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ለጣት መግቢያ የሚተው ነው፤ ቢላ እጅ ለእጅ የማይሰጥ ሕዝብ የሚያስፈልገው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ስንት ዘመን በብርጭቆ ወረቀት ያንኑ ሆድ ሳከሳ ኖርኩ! ሽቦው ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ የእኔ እጅ ሥራ ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ የእኔዎቹ መያዝም ላይ አልደረሱም።

"አባቴ ይሄን አልነገረኝም" አሉ ጋሽ ወራሳ። "እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።" ከዚያ ሳቁ፤ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ከሽቦው ፊት ለፊት ስለነበርኩ የሳቄ ግማሹ ለቅሶ ነው።

"ጥፋቱ የኔም ነው፤ አንድ ዕድል ጨምሬልሃለሁ" አሉኝና እንደገና ጀመርኩ። አሁን ችግሩ እርቅ ማውረድ ነው፤ ወገብ ልጥፍ ይፈልጋል፣ መሬት ሆድ ይፈልጋል። ሆዱን በአንድ ጎን ብቻ አደረግኩት። ወደ ሰውነት የሚዞረው ጎን ዝርግ፣ ወደ ውጭ የሚዞረው ባለ ሆድ። በሆዱ ከተኛ ጣት ከስር ይገባል፤ በዝርጉ ከተኛ ደግሞ ሆዱ ከላይ ስለሚሆን የሚጨበጥ ነገር አለ። ስለቱን በትንሹ አሳጠርኩትና ክብደቱ ወደ እጀታው አደላ። በሆዱ ሲተኛ ጫፉ ከጭቃው ቀና ይላል። ዘይቱንም ብልጭልጩንም ተውኩት፤ ወይራውን ከሞረዱ እንደወጣ ሻካራ አድርጌ ተውኩት። በሳሙና የራሰ እጄን እየሰደድኩ ከመሬት ሳነሣ ባለቤቴ አየችኝና ምን ሆንክ አለች። ይህኛው ሳሎን ይቀመጥ አላለችም።

የዚህን ዓይነት የመጀመሪያውን በችኮላ ሆዱን በተሳሳተው ጎን አወጣሁት። ወገብ ላይ ሲሰካ ጎን ይደቁሳል። ጋሽ ወራሳ ዳብሰው "ለግራኝ ነው የሠራኸው?" አሉኝ። በራሴ እጅ ሽቦው ላይ ሰቀልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ሁለተኛውን ይዤ ወናጎ ተመለስኩ። የማርታ ጣት ድኗል፤ ግን ስታየኝ እጇን ወደ ኋላ ሸሸገች። ቢላውን ቅጠሉ ላይ አስቀምጬ ራቅ ብዬ ቆምኩ። እማማ አስካለ ቆረጡና አስቀመጡ። ማርታ አየችው፣ አየችኝ፣ እጇን ሰደደች። ተነሣ። እንሰቱን እያየች ነው ያነሣችው፣ ቢላውን አይደለም። ቆረጠችና አስቀመጠች። ሌላዋ አነሣች። ወሬያቸውን ቀጠሉ። ስለ ቢላው አንድም ሰው አንድም ቃል አልተናገረም።

እኔ ቆሜያለሁ። ሥራቸውን ጨርሰው እጃቸውን እየታጠቡ ሳሉ እማማ አስካለ አዩኝ።

"አንተ አልሄድክም? ምን ትጠብቃለህ?"

"ቢላውን።"

"የቱን ቢላ?"

ወገባቸው ላይ ነበር። እንደሰኩት ራሳቸውም ረስተውታል። "ሂድ" አሉኝ። "ለቀሩትም ሥራላቸው።"

ዲላ ስደርስ ጋሽ ወራሳ ከበሩ ጀርባ ቆመው ሽቦውን በእጃቸው እየዳበሱ ነበር። አዲስ የተሰቀለ እንዳለ ሊያውቁ ነው።

"የት አለ?" አሉ።

"አልተመለሰም ጋሼ።"

ከዚያ እየዳበሱ ወደ መስፉ ሄዱና መዶሻቸውን አነሡ፤ እጀታውን የእሳቸው እጅ ያጎደጎደውን መዶሻ። እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

"ጋሼ፣ መዶሻ እኮ እጅ ለእጅ ቢሰጥ አያጣላም" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ። "ከአንተ ጋር ግን በመጀመሪያው ቀን ተጣልተናል። ሁለተኛ አልፈልግም። አንሣው።"

አነሣሁት። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እሳቸው ስላላዩኝ ደስ አለኝ።

ለአበራ በሩን ሠርቼለታለሁ፣ ጋራዡን የከፈተው ሌላ ቦታ ነው። በሩ ጥሩ ይከፈታል። ጋሽ ወራሳ ዛሬም የቆርቆሮ ቤቷ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ የነከርኩት ስለት ሲሰበር ድምፁን ሰምተው ይስቃሉ። ሽቦውም አለ። ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ቢላ መሥራት ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። የጨረሳችሁትን ቢላ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ እጃችሁን አርሱ፣ ሌላ ቦታ እያያችሁ አንሡት። ካልተነሣ ስለቱን አትንኩት፤ እጀታውን ሥሩ።